የሽቶ ቤት መለያ መዓዛ አወጣጥ፦ ከጅማ ለሚነሳ ቀማሚ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ የሽቶ ቤት አምስት ግሩም ሽቶ አውጥቶ ደንበኛው አሽትቶ "ይሄማ የእነሱ ነው" ማለት ካልቻለ፣ ቤቱ ጥሩ ሽቶ አለው እንጂ መለያ መዓዛ የለውም። መለያ መዓዛ ማለት አንድ ስመ ጥር ጠርሙስ አይደለም። በቤቱ ሽቶዎች ሁሉ በታወቀ መጠን የሚገባ፣ የውስጥ ምጣኔው የማይነካ ትንሽ ቅይጥ ነው። የአንድ ቤት በርበሬ በዶሮውም በምስሩም በሽሮውም እንደሚታወቅ ማለት ነው።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በ1828 በፓሪስ የተመሠረተው ገርላን ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሽቶዎቹ የሚመላለሰው ቅይጥ "ገርሊናድ" የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ቤርጋሞት፣ ጽጌረዳ፣ ጃዝሚን፣ አይሪስ፣ ቶንካ ፍሬና ቫኒላ ይገኙበታል። የ1889ኙ ዢኪና የ1925ቱ ሻሊማር ጠባያቸው ለየቅል ነው፤ ቆዳ ላይ ጥቂት ሰዓት ሲቆዩ ግን ዘመዳሞች መሆናቸው ይታወቃል።

ሌላም መንገድ አለ፤ አንድን ነገር ከተለመደው በላይ መጫን። ኤርነስት ቦ በ1921 ሻኔል ቁጥር 5ን ሲቀምም አልዲሃይድ የተባሉትን ስል ሽታ ያላቸውን ውህዶች አበዛ። አንጀል የተባለው ሽቶ በ1992 የተቃጠለ ስኳር የሚሸተውን ኤቲል ማልቶል አፈር አፈር ከሚለው የፓቹሊ ቅጠል ዘይት ጋር አጋጨ። በ2006 የወጣው ሞሎኪውል 01 ደግሞ መዓዛው አይሶ ኢ ሱፐር የተባለው እንጨት እንጨት የሚል ሰው ሠራሽ ውህድ ብቻ ነው። ይህ መንገድ ደፋር ነው፤ ለትንሽ ቤት ግን አንመክረውም። ጎልቶ የወጣን አንድ ንጥረ ነገር ጋዝ ክሮማቶግራፍ (የሽቶን ንጥረ ነገሮች የሚለይ መሣሪያ) ያለው ተወዳዳሪ ወዲያው ያውቀዋል፣ ከማንም አቅራቢ ይገዛዋል። ከአካባቢ የተፈጥሮ ዘይት ጋር የተገመደ ቅይጥ ሲሆን ግን ዝርዝሩን ቢያውቁት እንኳ ያንኑ ዘይት ማግኘት ይቸግራቸዋል። ከጅማ የሚነሳ ቀማሚ ብልጫውም እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥቂት ነገር መርጦ ሌላውን መተው

የተለመደው ስህተት "የአካባቢያችን ሽታ" ብሎ ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውን፣ ዕጣኑን፣ ዝባዱንና ጤና አዳሙን ባንድ ላይ ማጎር ነው። ከዚያ የሚወጣው የቅመም ሱቅ ሽታ ነው። ፊት ሆኖ የሚታይ አንድ፣ ደጋፊ አንድ ወይም ሁለት፣ ከሥር የሚይዝ አንድ ይበቃል። እያንዳንዱን እንመዝነው።

ቡና። ሁሉም የሚያስበው እሱን ነው፣ ለፊት የማይሆነውም እሱ ነው። የተቆላ ቡና ጠረን በዋናነት ፉርፉሪልቲዮል ከሚባል ድኝ አዘል ውህድ ይመጣል። ይህ ውህድ አየር ሲያገኘው ይለወጣል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ወራት ሲቆይ የቡናው ነገር ይጠፋና የተቃጠለ ጎማ ወይም የነጭ ሽንኩርት ሽታ ብቅ ይላል። በዚያ ላይ ቡና በየቀኑ የሚቆላበት አገር ያለ ደንበኛ አፍንጫው የለመደውን ሽታ እንደ መለያ አይቆጥረውም። በጥቂቱ፣ ለጥላ ያህል ብቻ ይግባ።

ኮረሪማ። ለፊት የምንመርጠው እሱን ነው። የዘይቱ ዋና ክፍል ሲኒዮል ስለሆነ ቀዝቀዝ ብሎ ይከፍታል፤ ከሥሩ ጣፋጭና እንጨታማ ነገር አለው፤ በዓለም የሽቶ ገበያ እንደ ሄል አልተለመደም። አገዛዙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጅማ ሄርማታ ገበያ በገመድ ተሰክቶ የሚሸጠው ፍሬ ስለተበሳ መዓዛውን ቶሎ ያጣል። ከምድጃ በላይ የደረቀው ደግሞ ጢስ ጠጥቷል፣ ጢሱም ከዘይቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ያልተበሳ፣ በፀሐይ የደረቀ፣ ሲነቀነቅ ዘሩ ቅርፊቱ ውስጥ የሚንኳኳ ፈልጉ።

ዕጣን። የጅማ ምርት አይደለም፤ ቢሆንም ጥሩ ደጋፊ ነው። ከትግራይና ከመተማ አካባቢ የሚመጣው የቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ዘይት ኦክቲል አሲቴት የሚባለው ይበዛበታል፤ ፍሬ ፍሬ፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። ከኦጋዴንና ከቦረና በኩል የሚመጣው የሌላ ዛፍ ሙጫ ነው፣ ጠረኑም ሌላ ነው። ገበያ ላይ ሁለቱ ባንድ ክምር ተቀላቅለው ሊሸጡ ስለሚችሉ የመጣበትን ሳትጠይቁ አትግዙ። ዛሬ ከአንዱ፣ ነገ ከሌላው ከገዛችሁ መለያችሁ በየወሩ ይለዋወጣል።

ዝባድ። ጅማና አካባቢዋ በዓለም የሽቶ ታሪክ ስማቸው የሚነሳው በዚህ ነው። ከጥርኝ ተፍቆ፣ በቀንድ ተሞልቶ ወደ ውጭ ሲሄድ ኖሯል። ጥሬው ለአፍንጫ የማይቀመስ ነው፤ በአልኮል እጅግ ሲቀጥን ግን አበባን ሕይወት ይሰጠዋል፣ ሽቶውንም ያቆየዋል። ይሁን እንጂ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው በቅቤና በሌላ ስብ መበረዙ ነው። ሁለተኛው አውሬው በጠባብ ጎጆ ተይዞ በየጊዜው መፋቁ ነው፤ በዚህ የተነሳ ትልልቆቹ ቤቶች ትተውታል፣ ሻኔልም በ1998 ወደ ሰው ሠራሹ ዞሯል። የዝባድ ዋና መዓዛ ሲቬቶን ነው፤ መዋቅሩን በ1926 የፈታው ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እኛም ሲቬቶን እንመክራለን፤ ርኅራኄውን ብንተወው እንኳ ጠረኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

የንብ ሰም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሀብት ነው። ያልነጣ ቢጫ ሰም ማር፣ ደረቅ ሣርና ጥቂት ትምባሆ ይሸታል፤ ለሰዓታትም ይቆያል። ማር ሲቆረጥ ጢስ የበዛበትን ቀፎ ሰም አትውሰዱ።

ጤና አዳምን ቡና ላይ ተዉት። ዘይቱ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ሊያጠቁር ይችላል።

ደረጃ 2፦ ዕቃና ማቅጠን

እስከ 0.01 ግራም የሚመዝን ሚዛን፣ ባለ 10ና 30 ሚሊ ሊትር ጥቁር ብልቃጥ፣ የመስታወት ጠብታ መቅጃ፣ የማሽተቻ ወረቀት፣ ዲፕሮፒሊን ግላይኮል (ሽታ የለሽ ማሟሚያ) እና 96% ኢታኖል (አልኮል) ያስፈልጋል። ባለ ቀለሙን የነዳጅ አልኮል በፍጹም አትጠቀሙ፤ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል። አልኮሉን ከፍታችሁ አትተዉት፤ በተለይ በክረምት ከአየሩ እርጥበት ይስብና በኋላ ሽቶውን ያደፈርሰዋል። የማሽተቻ ወረቀቱንም ክዳን ባለው ማሰሮ አስቀምጡ።

መለኪያው ሁልጊዜ ክብደት ይሁን፤ የአንዱ ዘይት ጠብታ ከሌላው አይተካከልምና። ብርቱ የሆኑትን አስቀድማችሁ አቅጥኑ፦ 1 ግራም ሲቬቶን በ9 ግራም አልኮል ሲሟሟ 10% ይሆናል። ሳይቀጥን 0.03 ግራም ልመዝን ብትሉ፣ የሚዛኑ የ0.01 ስህተት ብቻውን ሲሶውን ያዛባል።

የኮረሪማውን ዘይት ራሳችሁ የምታወጡ ከሆነ ዘሩን ከቅርፊቱ ለዩና ልታነጥሩ ስትሉ ብቻ ክክ አድርጋችሁ ውቀጡት። 1 ኪሎ ዘር ወደ 4 ሊትር ውኃ፣ በማይዝግ ብረት ማንጠሪያ፣ 3 ሰዓት ያህል። ዘሩ ከታች እንዳይቃጠል ወንፊት ላይ ይቀመጥ። ጅማ ከፍታዋ 1,780 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃው በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሥራውን አያበላሽም። አረቄ የወጣበት ማሰሮ ግን ለዚህ አይሆንም፣ ሽታው አይለቅም። ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ቅዱና በውኃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት አድርቁት፤ ብልቃጡን እስከ አፉ ሞልታችሁ 3 ሳምንት አስቀምጡት። ገና እንደወጣ የተቀቀለ ነገር ይሸታል፣ በኋላ ይለቀዋል።

ለሰሙ ደግሞ 100 ግራም የተከተፈ ሰም በ400 ግራም አልኮል በሙቅ ውኃ ውስጥ (50–60 ዲግሪ) እያማሰላችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት። እሳቱ ከክፍሉ ይውጣ፤ ውኃውን ሌላ ቦታ አሙቃችሁ አምጡ። ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሪጅ አሳድሩትና ብርድ እንዳለ አጥልሉት። ከዚያ አልኮሉ እየተነነ ከመነሻው ሩብ ያህል እስኪቀር ድረስ ነፋስ ባለበት ቦታ አስቀምጡ። ይህ የቤት ዝግጅት ከሚገዛው አብሶሉት (በአልኮል ተጣርቶ ከወጣ ብርቱ ተዋጽኦ) ይለሰልሳል፤ ከታች ካለው ቀመር ጋር ስታገናኙት መጠኑን በአፍንጫ አስተካክሉ።

ደረጃ 3፦ ቅይጡን መቀመም

ለመነሻ የሚሆን፣ በ100 ክፍል የተሰላ ቀመር እነሆ፦

- አይሶ ኢ ሱፐር 30
- ኤቲሊን ብራሲሌት (ሰው ሠራሽ ምስክ) 22
- ሄዲዮን (ጃዝሚን መሰል ውህድ) 18
- የዕጣን ዘይት 5
- የዕጣን ረዚኖይድ (ከሙጫው የወጣ ወፍራም ተዋጽኦ) 3
- የኮረሪማ ዘይት 5
- የንብ ሰም አብሶሉት፣ 10% የቀጠነ 6
- ኩማሪን 4
- ቫኒሊን 3
- ሲቬቶን፣ 10% የቀጠነ 3
- የተቆላ ቡና ተዋጽኦ፣ 10% የቀጠነ 1

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 70 ክፍል ይዘዋል፤ ሥራቸው መሸከምና ማሰራጨት ነው፣ በብዙ ቤት ሽቶ ይገኛሉ። መለያው ያለው በዕጣኑ፣ በኮረሪማው፣ በሰሙ፣ በሲቬቶኑና በቡናው 23 ክፍል ውስጥ ነው። ማሻሻል ስትፈልጉ በዋናነት እነዚህን ንኩ፤ ሸካሚዎቹ የሚነኩት ድምሩን 100 ለማድረግ ብቻ ነው።

ለ10 ግራም ሙከራ እያንዳንዱን ቁጥር በ10 አካፍሉት፤ አይሶ ኢ ሱፐር 3.00 ግራም፣ ሲቬቶኑ 0.30 ግራም እያለ ይቀጥላል። መጀመሪያ ዱቄቶቹን (ቫኒሊንና ኩማሪን) በሄዲዮኑና በኤቲሊን ብራሲሌቱ ውስጥ በ40 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ላይ አሟሙ። ቀጥሎ ረዚኖይዱና አይሶ ኢ ሱፐሩ ይግቡ። ሲበርድ ቀሪውን፣ በመጨረሻ ኮረሪማውንና የዕጣኑን ዘይት ጨምሩ፤ ሙቅ ላይ ከገቡ ምርጡ ይተናል። ከድናችሁ በጨለማ 7 ቀን አስቀምጡት። ገና በቀመሙት ሰዓት መፍረድ ክልክል ነው፤ የቅይጡ ማዕዘኖች የሚለሰልሱት በቀናት ነው።

ከዚያ ወረቀት ነክራችሁ በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓትና በ6 ሰዓት አሽትቱ። ብዙ ቅይጥ የሚወድቀው በስድስተኛው ሰዓት ነው። ኮረሪማው ይሄዳል፣ የዕጣኑ ዘይት ይከተለዋል፤ የሚቀረው ምስክና ቫኒላ ይሆናል፣ ያ ደግሞ የግማሹ ዓለም ሽቶ ማለቂያ ነው። እንዲህ ከሆነ ቫኒሊኑን ወደ 2 አውርዱ፤ ረዚኖይዱን ወደ 4፣ የሰሙን ወደ 8 ከፍ አድርጉና ትርፉን ከአይሶ ኢ ሱፐሩ ቀንሱ። ሲቬቶኑ ቢበዛ ላብ ላብ ይላል፤ በጥንዶች ሽቶ ላይ የሚወዱት አሉ፣ የቢሮ ሽቶ ላይ ግን ደንበኛ ያባርራል። ሰሙ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ጧፍ ይሸታል።

ደረጃ 4፦ በማይመሳሰሉ ሦስት ሽቶዎች መፈተን

ቅይጡ ብቻውን መጣፈጡ ምንም አያሳይም። ፈተናው የማይመሳሰሉ ሽቶዎች ውስጥ ገብቶ መታወቁ ነው። ሦስት መነሻ ሽቶ አዘጋጁ፦ አንድ የሎሚና የብርቱካን፣ አንድ የአበባ፣ አንድ የእንጨት። ለአበባው የቡና አበባ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ከመጀመሪያው ዝናብ ተከትሎ ለሁለት ሦስት ቀን የሚፈነዳውን ያንን ጃዝሚን መሰል ጠረን የአካባቢው ሰው በደንብ ያውቀዋል። አበባውን መልቀም ፍሬውን ማሳጣት ስለሆነ በሄዲዮን፣ በሊናሎል፣ በጥቂት ሜቲል አንትራኒሌትና በኢንዶል ጠብታ መምሰል ይሻላል።

በእያንዳንዱ መነሻ ውስጥ ቅይጡን በኮንሰንትሬቱ (አልኮል ባልገባበት ሽቶ) 5%፣ 10%፣ 20% እና 30% አድርጋችሁ አስገቡ፤ 12 ብልቃጥ ይሆናል። ለ10 ግራም ሽቶ በ15% ጥንካሬ ኮንሰንትሬቱ 1.5 ግራም ነው። የ20%ው ብልቃጥ ማለት ቅይጥ 0.30፣ መነሻ ሽቶ 1.20፣ አልኮል 8.50 ግራም። በ5% ብዙ ጊዜ አይታይም፣ በ30% መነሻውን ይውጠዋል። የሎሚው ቀላል ስለሆነ በአነስተኛ መጠን ይታወቃል፤ የእንጨቱ ግን ይሸሽገዋልና ከፍ ያለ ይፈልጋል። ሦስቱ ላይ አንድ ቁጥር መድገም ግዴታ አይደለም፤ ግዴታው የውስጥ ምጣኔው አለመነካቱ ነው። ተጨምቆ የወጣ ቤርጋሞት ካስገባችሁ ቆዳ ላይ ለሚቆይ ሽቶ የኢፍራ (ዓለም አቀፉ የሽቶ ማኅበር) ገደብ ካለቀው ሽቶ 0.4% ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆዳ የሚያቃጥለው ቤርጋፕተን የወጣለት ዓይነት ይገላግላችኋል።

አሁን ሰው ያስፈልጋል። ሽቶ የማይቀምሙ 10 ሰዎች ጥሩ። ጠዋት፣ ቡና ያልተቆላበትና ዕጣን ያልጨሰበት ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ጅማ ላይ ከዚህ መመሪያ ከባዱ መስፈርት ይህ ሊሆን ይችላል። አፍንጫ ለማደስ የቡና ፍሬ አታሽትቷቸው፤ ከንጹህ አየር ተሽሎ አልተገኘም፣ በዚያ ላይ ቅይጣችን ቡና አለበት። የገዛ እጅጌያቸውን ያሽትቱ።

መጀመሪያ የቅይጡን ወረቀት አሽትቷቸው። ከዚያ ስም የሌላቸው 6 ወረቀቶች ስጧቸው፤ ሦስቱ የእናንተ፣ ሦስቱ በዓይነት የሚመሳሰሉ የሌላ ቤት። "የዚህ ቤት የትኞቹ ሦስት ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ። በግምት ሦስቱንም የማግኘት ዕድል ከ20 አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከ10 ሰው 3ቱ በትክክል ከለዩ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ለንግድ ግን 6 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። የማይለዩት ሁልጊዜ አንዱን ሽቶ ከሆነ፣ እዚያ ውስጥ ብቻ መጠኑን ከፍ አድርጉ። ሦስቱንም ካምታቱ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፤ ቅይጡ ፊት የለውም ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ አልኮልና ዘይት

ጅማ ላይ የአልኮል ሽቶ የማይፈልግ ደንበኛ ብዙ ነው፤ መለያው በዘይት ሽቶም መታወቅ አለበት። እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። ዲፕሮፒሊን ግላይኮል ውስጥ ቫኒሊንና ኩማሪን በደህና ይሟሟሉ፤ የዕጣንና የሎሚ ዘይቶች ግን ቴርፒን ስለሚበዛባቸው ያደፈርሱታል። የተጣራ ፈሳሽ የኮኮናት ዘይት ውስጥ ተቃራኒው ይሆናል፤ ዘይቶቹ ይሟሟሉ፣ ቫኒሊኑ ክሪስታል ሠርቶ ይዘቅጣል። የምንመርጠው የኮኮናቱን ነው፤ ዱቄቶቹን በቤንዚል ቤንዞዌት አሟሙቶ ማስገባት ችግሩን ይፈታዋል። በአልኮል የቀጠኑትን ሲቬቶን፣ ሰምና ቡና ለዚህኛው በዘይት ወይም በቤንዚል ቤንዞዌት የቀጠኑ አድርጉ። ዘይት ላይ የኮረሪማው መክፈቻ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ቅይጡን ወደ 25% ማድረስ ያስፈልግ ይሆናል። የሰዎቹን ፈተና በዘይቱም ድገሙ።

የአልኮሉ ሽቶ ከተቀላቀለ በኋላ 4 ሳምንት በጨለማ ይረፍ። ከዚያ በ4 ዲግሪ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አድሮ፣ ብርድ እንዳለ በማጣሪያ ወረቀት ይጥለል። ሰሙ የሚዘቅጠው ሲበርድ ነውና ሞቅ ያለውን ያጠለለ ሰው ሽቶው የደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ ይደፈርስበታል። ቫኒሊን ያለበት ሽቶ በጊዜ ብዛት ይጠይማል፤ ሜቲል አንትራኒሌት ከአልዲሃይድ ጋር ሲገናኝም ቢጫ ይሆናል። ከቀለሙ ጋር አትጣሉ፤ ባለ ቀለም ጠርሙስ ምረጡ።

ደረጃ 6፦ መለያውን መጠበቅ

የመጀመሪያውን ያማረ ቅይጥ 10 ሚሊ ሊትር እስከ አፉ ሞልታችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ። ዋናው ናሙና እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀመም ሁሉ ጎን ለጎን ከእሱ ጋር ይሸተታል። ዕጣንና ኮረሪማ የአንድ ዓመቱን ባንዴ ግዙ። አዲሱ ምርት ሲመጣ አሮጌው ሳያልቅ ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ፤ የዓመቱ ልዩነት እንዲህ ይዋጣል።

ስሙና ምልክቱ በኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዝገብ፤ ምርቱ ኮስሞቲክስ ስለሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን መስፈርት ይከተላል። ለቀመሩ ግን ሕግ ብዙም አትጠብቁ። በ2006 የፈረንሳይ ሰበር ፍርድ ቤት ሽቶ በቅጂ መብት አይጠበቅም ሲል፣ በዚያው ወር የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይጠበቃል ብሏል። የሚያዋጣው ምሥጢር ነው፦ ሸካሚዎቹን 70 ክፍል ሠራተኛ ይቀምም፣ ቀሪውን 30 ክፍል ባለቤቱ በቁጥር ብቻ በተሰየመ ብልቃጥ ያቅርብ።

አንድ ቀን አንዱ ንጥረ ነገር ከገበያ መጥፋቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እሱን ብቻ ተኩ፣ ሌላ አትንኩ። 12 ሰው ጥሩና ለእያንዳንዱ 3 ወረቀት ስጡ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። ለግማሾቹ ሁለቱ አሮጌው ይሁኑ፣ ለግማሾቹ አዲሱ። የተለየውን እንዲያወጡ ጠይቁ። 8 እና ከዚያ በላይ ካገኙት ለውጡ ታውቋል፣ ምትኩ አልሠራም። 6 ወይም 7 ከሆኑ በሌላ ቀን በሌሎች ሰዎች ድገሙት። 5 እና ከዚያ በታች ከሆኑ አዲሱን አስገቡ፤ ቀኑን፣ የአቅራቢውን ስምና የምርቱን ቁጥር መዝገብ ላይ ጻፉ፣ ከአዲሱም ቅይጥ 10 ሚሊ ሊትር ከአሮጌው ናሙና አጠገብ አስቀምጡ።